ውሳኔ የሚለውጥ አመላካች፦ የዘር ፈሳሽ ምርመራና የወንድ መካንነት በአገራችን

መነሻ

«መካን» የሚለው ቃል በአማርኛ ለወንድም ለሴትም ይነገራል። በኑሮ ግን ስሙ ቀድሞ የሚያርፈው በሴቷ ላይ ነው። ልጅ ሲዘገይ ጠበል የምትሄደው፣ ካርድ የምታወጣው፣ የማሕፀን ቱቦዋ በራጅ የሚታየው፣ ሆርሞኗ በየጊዜው የሚለካው እርሷ ናት። ባል የዘር ፈሳሹን እንዲያስመረምር የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። መካንነት ማለት ለ12 ወራት ወይም ከዚያ በላይ ያለ መከላከያ መደበኛ ግንኙነት እየተደረገ እርግዝና ሳይከሠት መቅረቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከአዋቂዎች 17.5 በመቶው፣ ማለትም ከ6 ሰዎች 1 ያህሉ፣ በሕይወት ዘመኑ ይህ ያጋጥመዋል። ከእነዚህ ጥንዶች በግማሽ በሚጠጉት ዘንድ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተዳምሮ ይገኛል።

ባለፉት ዓመታት በዘር ፈሳሽ ውስጥ የሚገኙ ሥነ ሕይወታዊ አመላካቾች በተመራማሪዎች ዘንድ ትልቅ ተስፋ ጥለዋል። ፕሮቲኖች፣ ጥቃቅን አርኤንኤዎች፣ የኦክሲዴቲቭ ስትረስ መለኪያዎችና የዲኤንኤ መሰባበር ምርመራ በየጊዜው አዳዲስ ጽሑፎች ይቀርቡባቸዋል። በእኛም የድኅረ ምረቃ ክፍሎች ርእስ ሲመረጥ «አዲስ አመላካች» የሚለው ሐረግ ዓይን ይስባል። ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው አቋም ከዚህ ዝንባሌ የሚለይ ነው። ለአገራችን ቀዳሚ የሚሆነው አመላካች ከሁሉ አዲስ የሆነው ሳይሆን ውጤቱ በታወቀ ጊዜ ሐኪሙና ጥንዶቹ የሚወስዱትን ውሳኔ የሚለውጠው ነው። በዚህ መስፈርት ከተመዘነ ደግሞ ቅድሚያ የሚገባው በሚገባ የተሠራ መደበኛ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ነው፤ ሁለተኛው ለዓመታት የታወቁት ርካሽ የኬሚካል መለኪያዎች ናቸው፤ ከእነዚህ በኋላ ነው የሌሎቹ ተራ የሚደርሰው።

አመላካች ምን ይነግረናል?

የዘር ፈሳሽ ከአንድ ቦታ የሚመነጭ አይደለም። ከመጠኑ ትልቁን ድርሻ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን፣ የሚያመነጩት የዘር ከረጢቶች ናቸው፤ ከቀሪው አብዛኛው ከፕሮስቴት ዕጢ ይመጣል፤ ከቆለጥና ከኤፒዲዲሚስ የሚመጣው ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነው። እያንዳንዱ አካል የየራሱን ምልክት በፈሳሹ ላይ ያትማል። ፍሩክቶስ የዘር ከረጢቶች ምልክት ነው፤ ዚንክ የፕሮስቴት ምልክት ነው፤ ኒውትራል አልፋ ግሉኮሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም የኤፒዲዲሚስ ምልክት ነው። የዘር ፈሳሽ እንግዲህ የወንዱ የመራቢያ አካላት በየተራ ፊርማቸውን ያኖሩበት ሰነድ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ፊርማ ሲጎድል መንገዱ የት ላይ እንደተዘጋ መገመት ይቻላል።

በሌላ ወገን ያሉት አዳዲሶቹ አመላካቾች የዘር ሕዋሱን ጥራት ወይም የቆለጡን የማምረት አቅም ለማንበብ ይሞክራሉ። የዲኤንኤ መሰባበር ምርመራ የዘር ሕዋሱ የተሸከመው ውርስ ምን ያህል እንደተጎዳ ያሳያል። የኦክሲዴቲቭ ስትረስ መለኪያዎች በፈሳሹ ውስጥ በጎጂ የኦክስጅን ውሁዶችና በመከላከያዎቻቸው መካከል ያለውን ሚዛን ይለካሉ። በቶሮንቶ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ቴክስ101 እና ኢሲኤም1 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች በፈሳሹ ውስጥ ምንም የዘር ሕዋስ የሌለባቸውን ወንዶች ለመለየት እንደሚረዱ አሳይተዋል። ይህ ከቆለጥ ሥጋ በቀዶ ሕክምና ወስዶ መመርመርን ሊቀንስ የሚችል መንገድ በመሆኑ ተስፋው እውነተኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የዘር ፈሳሽ ምርመራ መመሪያ 6ኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ምርመራዎቹን በሦስት ደረጃ ከፍሏቸዋል፤ መሠረታዊ፣ ተጨማሪና የላቀ። መጠን፣ ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ በመሠረታዊው ውስጥ ናቸው። የኬሚካል መለኪያዎቹና የዲኤንኤ መሰባበር ምርመራ በተጨማሪው ውስጥ ተመድበዋል። የኦክሲዴቲቭ ስትረስ መለኪያዎች በላቀው ክፍል ይገኛሉ። ይህ ቅደም ተከተል የእኔም ክርክር አጽመ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ወደ ሁለተኛው ደረጃ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያውን መርገጥ አለበት።

በሌሎች የተለካ ወሰን

በአገራችን ላቦራቶሪዎች የውጤት ወረቀት ላይ «ጤናማ» እና «ዝቅተኛ» የሚያሰኘው ወሰን ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1951 በኒው ዮርክ ጆን ማክሊዮድና ሩት ጎልድ የ1,000 አባቶችን የዘር ሕዋስ ብዛት ልጅ ካጡ የ1,000 ጥንዶች ባሎች ጋር አነጻጽረው ነበር። ለረጅም ዘመን የታወቀው በአንድ ሚሊ ሊትር የ20 ሚሊዮን ወሰን ከእንዲህ ያለ ሥራ የተወረሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1980 ሲሆን፣ 5ኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2010 ወሰኑን ወደ 15 ሚሊዮን ዝቅ አደረገው፤ 6ኛው እትም 16 ሚሊዮን አለው። አጠቃላይ እንቅስቃሴ በ2010ው እትም 40 በመቶ፣ በ2021ዱ 42 በመቶ ሆነ። ትክክለኛ ቅርጽ በሁለቱም 4 በመቶ ነው።

ስለ እነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። የመጀመሪያው ትርጉማቸው ነው። ወሰኑ ሚስቶቻቸው በ12 ወራት ውስጥ ያረገዙላቸው ወንዶች የታችኛው 5ኛ ፐርሰንታይል ነው። ይህም ማለት ልጅ ከወለዱት አባቶች ራሳቸው ከ100ው 5ቱ ከወሰኑ በታች ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ ከ15 ወይም ከ16 ሚሊዮን በታች የሆነ ሰው የግድ መካን ነው ማለት አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሆነውም ይወልዳል የሚል ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ 765 ልጅ ያጡ ጥንዶችን ወንዶች ከ696 አባቶች ጋር ያነጻጸረ ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል፤ በብዛትም፣ በእንቅስቃሴም፣ በቅርጽም የሁለቱ ወገኖች ውጤት በሰፊው ተደራርቦ ተገኝቷል። እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ቁጥር ያለበት ወረቀት ብቻ ይዞ «አንተ አትወልድም» የሚል ፍርድ መስጠት ሳይንሱ የማያውቀው ድፍረት ነው።

ሁለተኛው የተዘነጋ ነገር የተለኩት ሰዎች ማንነት ነው። የ2010ሩ ወሰን የተሠራው በ8 አገሮች ከሚኖሩ 1,953 አባቶች ሲሆን እነርሱም የአውሮፓ፣ የሰሜን አሜሪካና የአውስትራሊያ ነዋሪዎች ነበሩ። በ2021ዱ ቁጥሩ ወደ 3,589 አድጎ 12 አገሮችን ቢያካትትም፣ ከአፍሪካ የገባችው ግብጽ ናት። የኢትዮጵያ አባቶች በዚህ ሚዛን ላይ አልቆሙም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ውስጥ በተሠሩ ጥናቶች የኤችአይቪ ቫይረስ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ሕዋስ ብዛት ከኔዘርላንዳውያን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ አገር የተለካ ወሰን እንዳለ ቢወሰድ ኖሮ ጤነኛው ሰው እንደ ታማሚ በታየ ነበር። ከዚህ ተነሥቼ የኢትዮጵያውያን የዘር ሕዋስ ብዛት ያንሳል ወይም ይበዛል አልልም፤ ሳይለኩ መናገር ያው ስሕተት በሌላ ፊቱ ነው። የምለው መለካት አለበት ነው።

ናሙናው ከጠመንጃ ያዥ እስከ ላቦራቶሪ

በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጠመንጃ ያዥ ሠፈር የሚኖር አንድ ባለትዳር በምናባችን እናስቀምጥ። ሐኪም የዘር ፈሳሽ ምርመራ አዞለታል። ሰውየው በሆስፒታሉ መጸዳጃ ቤት ናሙና መስጠት ስላሳፈረው በቤቱ ወስዶ ሊያመጣ ፈቀደ። ከዚህ በኋላ በውጤቱ ላይ የሚፈርዱት በሽታ ያልሆኑ ብዙ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ምርመራው ናሙናው በተሰጠ በ30 ደቂቃ ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ቢዘገይ ከ1 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ከጠመንጃ ያዥ እስከ ጥቁር አንበሳ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ይሁን እንጂ የታክሲ ሰልፍ፣ የመንገድ መጨናነቅ፣ የካርድ ክፍል ተራና የክፍያ መስኮት ሲደመሩ ሰዓቱ ያልቃል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ናሙናው በመንገድ ላይ ከ20 እስከ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት መቆየት አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ በፌስታል ተንጠልጥሎ የመጣ ናሙና እንቅስቃሴው ቀንሶ ይደርሳል። ባለሙያው «እንቅስቃሴው ደካማ» ብሎ ይጽፋል። ደካማው ግን ናሙናው የተጓዘበት መንገድ ነው።

ሦስተኛው የመታቀብ ጊዜ ነው። መመሪያው ከ2 እስከ 7 ቀን ይላል። ጊዜው ሲረዝም የፈሳሹ መጠንና የሕዋሱ ብዛት ከፍ ይላል፤ በሌላ በኩል የሞቱ ሕዋሳት ይበዛሉ፣ የዲኤንኤ መሰባበርም ይጨምራል። ይህ በእኛ አገር ተጨማሪ ክብደት አለው። ጾሙን አጥብቀው የሚጠብቁ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጥንዶች በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀናት ከመኝታ ይታቀባሉ። በጾሙ መጨረሻ ወይም በትንሣኤ ማግሥት ናሙና የሰጠ ሰው ውጤት ከሌላው ጊዜ ውጤቱ ጋር በቀጥታ ሊነጻጸር አይችልም። የመጨረሻው የዘር መፍሰስ መቼ እንደነበር የሚጠይቅ አንድ መስመር በማዘዣ ቅጹ ላይ ከሌለ ይህ ሁሉ ሳይታወቅ ይቀራል።

አራተኛው ቆጠራው ራሱ ነው። 100 ሕዋሳት ብቻ የቆጠረ ባለሙያ የሚሰጠው ቁጥር በግምት 20 በመቶ ወዲያና ወዲህ ሊወዛወዝ ይችላል። 400 ቢቆጥር ውዝዋዜው ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። መመሪያው ከናሙናው ሁለት ጊዜ ተቀድቶ በእያንዳንዱ ቢያንስ 200 ሕዋሳት ይቆጠሩ የሚለው ለዚህ ነው። ይህ የሚጠይቀው ማይክሮስኮፕ፣ የኒውባወር መቁጠሪያ መስተዋት፣ የሠለጠነ ዓይንና ያልተጣደፈ ሰዓት ነው።

አምስተኛው ድግግሞሽ ነው። አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ ለመብሰል 74 ቀናት ያህል ይወስዳል። ከሁለት ወር በፊት በወባ ወይም በታይፎይድ ትኩሳት የተኛ ሰው ዛሬ ቢለካ የሚታየው የያኔው ትኩሳት ጥላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተዛባ ውጤት ያለ ሁለተኛ ምርመራ መጨረሻ ሊባል አይገባም።

እንግዲህ በዚህ መንገድ የመጣ ናሙና ላይ ውድ የሆነ የዲኤንኤ ወይም የፕሮቲን ምርመራ ብንሠራ ምን እናገኛለን? አዲሱ አመላካች የሰዓቱን መዘግየት፣ የማለዳውን ብርድና የጾሙን ርዝመት እየለካ እኛ ግን መካንነትን የለካን ይመስለናል።

ርካሹ ምርመራ የሚመልሰው ጥያቄ

አዙስፐርሚያ፣ ማለትም በፈሳሹ ውስጥ አንድም የዘር ሕዋስ አለመገኘት፣ ከወንዶች ሁሉ በ1 በመቶው፣ ልጅ ካጡት መካከል ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ይታያል። ይህን ውጤት የሰማ ሰው ነገሩ ያከተመ ይመስለዋል። ሐኪሙ ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ቆለጡ አላመረተም ወይስ አምርቶ መንገዱ ተዘግቷል? መልሱ ሁለት የተለያዩ ሕይወቶችን ያመለክታል። መንገዱ የተዘጋበት ሰው በቀዶ ሕክምና ሊከፈትለት ይችላል፤ ካልሆነም ከኤፒዲዲሚሱ ወይም ከቆለጡ የተቀዳ ሕዋስ ለላቦራቶሪ ጽንሰት ሊውል ይችላል።

ለዚህ ጥያቄ ርካሾቹ መለኪያዎች ብዙ ይናገራሉ። የፈሳሹ መጠን አነስተኛ፣ አሲድነቱ ከፍተኛ፣ ፍሩክቶሱም የሌለ ከሆነ የዘር ማስተላለፊያ ቱቦና የዘር ከረጢት በተፈጥሮ አለመኖር ወይም የመጨረሻው የመፍሰሻ ቱቦ መዘጋት ይጠረጠራል። መጠኑና ፍሩክቶሱ ደኅና ሆነው አልፋ ግሉኮሲዴዝ ካነሰ መዘጋቱ ከኤፒዲዲሚስ ጀምሮ ባለው መስመር ላይ ሊሆን ይችላል። የ5ኛው እትም ወሰኖች በአንድ ናሙና ለፍሩክቶስ 13 ማይክሮሞል፣ ለዚንክ 2.4 ማይክሮሞል፣ ለአልፋ ግሉኮሲዴዝ 20 ሚሊ ዩኒት ናቸው። ፍሩክቶስ መኖር አለመኖሩን ለማየት ሬዞርሲኖልና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምሮ ማሞቅ ይበቃል፤ ስኳሩ ካለ ፈሳሹ ወደ ቀይ ይለወጣል። ማንኛውም የኬሚስትሪ ክፍል ያለው ላቦራቶሪ ሊሠራው ይችላል።

ይህ በአገራችን የበለጠ ትርጉም አለው የምለው መዘጋት ከሚያስከትሉ ነገሮች አንዱ ኢንፌክሽን ስለሆነ ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ ኤፒዲዲሚስን ያቆስላሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ወደ መራቢያ አካላት ሲደርስ ኤፒዲዲሚስንና ቱቦውን ያጠብቃል። ኢትዮጵያ ነቀርሳ ከጸናባቸው አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ መዘጋትን የሚጠቁም መለኪያ ለእኛ ሐኪም የሚሰጠው ጥቅም ከፍ ያለ ሊሆን እንደሚችል መጠበቅ ምክንያታዊ ነው። ከቁጥር ውጪ የሆነ ጥቅምም አለው፤ «መንገዱ ተዘግቷል» የሚለው ቃል «ዘር የለህም» ከሚለው ቃል በትዳር ውስጥ የሚያደርገው ነገር በእጅጉ ይለያል።

ተዛምዶ ምክንያት አይደለም

አንድ አመላካች ልጅ ካጡ ወንዶች ጋር ተያይዞ መገኘቱ ብቻ ሕክምና አይሆንም። ለዚህ ከዚንክ የተሻለ ምሳሌ የለም። በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለው ዚንክ ማነስ ከደካማ ውጤት ጋር መያያዙ በብዙ ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ ከዚያም «እንግዲያስ ዚንክ ይስጧቸው» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የአሜሪካ ትልቅ ሙከራ 2,370 ወንዶችን በዕጣ ከፍሎ ለከፊሎቹ ፎሊክ አሲድና ዚንክ፣ ለቀሪዎቹ ባዶ እንክብል ሰጠ። በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ድርሻ በአንደኛው ወገን 34፣ በሌላው 35 በመቶ ሆነ። የዲኤንኤ መሰባበር እንዲያውም መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ በመጠኑ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚያው ዓመት 171 ጥንዶችን ያሳተፈ ሌላ ሙከራም የፀረ ኦክሲዳንት እንክብሎች የዘር ፈሳሹን መለኪያዎችም ሆነ የዲኤንኤውን ሁኔታ እንዳላሻሻሉ አሳይቷል። በከተማችን ፋርማሲዎች መደርደሪያ ላይ ለወንድ ዘር ጥራት ተብለው የሚሸጡ እንክብሎችን የሚገዛ ሰው ይህን ማወቅ መብቱ ነው።

የዲኤንኤ መሰባበር ምርመራም በልኩ መታየት አለበት። ተደጋጋሚ ውርጃ ላጋጠማቸው ጥንዶች የሚረዳ መሆኑን የአውሮፓም የአሜሪካም መመሪያዎች ይጠቅሳሉ። የአሜሪካው መመሪያ ግን ለማንኛውም ሰው በመጀመሪያ ምርመራ ላይ እንዲሠራ አይመክርም።

የቁጥሩን ጠባይም ማየት ይገባል። ለምሳሌ ያህል፣ ችግር ካለባቸው 100 ወንዶች 80ውን የሚለይ፣ ከጤነኞቹ 100 ደግሞ 80ውን ጤነኛ የሚል አንድ አመላካች ቢኖር መልካም እንለዋለን። ግማሾቹ ችግር ባለባቸው 1,000 የልዩ ክሊኒክ ታካሚዎች ላይ ቢሠራ 400ውን በትክክል፣ 100ውን በስሕተት ይጠቁማል፤ ከተጠቆሙት 80 በመቶው እውነተኛ ናቸው። ችግሩ በ15 በመቶው ብቻ ላይ ወደሚገኝበት ሕዝብ ቢወሰድ ግን ከ1,000 ሰዎች 120ውን በትክክል፣ 170ውን በስሕተት ይጠቁማል። የተጠቆሙት አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። መሣሪያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚመረመረው ሕዝብ ነው። በልዩ ማዕከል ታካሚዎች ላይ የተገኘ ውጤት ለጤና ጣቢያ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«ይህ አቋም አገራችንን በአሮጌ ምርመራ እንድትወሰን ይፈርድባታል» የሚል ሊኖር ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ሲከፍት «ይህ የሀብታም አገር ሕክምና ነው» የሚለውን አስተሳሰብ በተግባር መልሶታል። በአዳዲስ አመላካቾች ላይ የሚደረግ ምርምርም ሊኖር ይገባል። የምከራከረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ናሙናው በትክክል ያልተያዘበት፣ ቆጠራው ያልተረጋገጠበት ቤት ውስጥ የሚሠራ የፕሮቲን ጥናት ለዓለምም ለእኛም እምነት የሚጣልበት ውጤት አይሰጥም። መሠረታዊውን ማስተካከል ለላቀው ምርምር የሚከፈል የመግቢያ ዋጋ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከባህል ይነሣል፤ ወንዱ አይመጣም፣ ናሙና አይሰጥም ይባላል። ናሙና የሚሰጥበት መንገድ ከሃይማኖት አንጻር የሚያስጨንቃቸው ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም እንዳሉ አይካድም። ነገር ግን መመሪያው ራሱ መውጫ አበጅቷል፤ የዘር ሕዋስን የማይጎዳ ልዩ ኮንዶም በመጠቀም ከትዳር ጓደኛ ጋር በሚደረግ ግንኙነት ናሙና ማግኘት ይቻላል። በሩ የሚቆለፍ አንድ ንጹሕ ክፍልም ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ትውፊታችንም ቢሆን ጭንቁን ለሴት ብቻ አልተወውም። የልደታ ክፍለ ከተማ ስም የልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ ግንቦት 1 የሚከበረው ልደት ደግሞ ለረጅም ዘመን ልጅ አጥተው ከኖሩት ከሐናና ከኢያቄም የተገኘ ነው። ታሪኩ ኀዘኑንም ስእለቱንም የሁለቱም አድርጎ ይተርካል። ሁለቱን አብሮ መመርመር እንግዳ ሐሳብ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

የድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን ወዴት ይሂዱ?

የማስተርስ ጥናት ጊዜውም ገንዘቡም አጭር ነው። ብዙዎቻችን በአንድ ሆስፒታል የመጡ ታካሚዎችን መዝገብ አገላብጠን «ይህን ያህል በመቶ የተዛባ ውጤት አላቸው» ብለን እንጨርሳለን። ይህ ጥቅም የለውም አልልም፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜና ገንዘብ ሊሠሩ የሚችሉ የተሻሉ ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛው የማጣቀሻ ወሰን ጥናት ነው። በእርግዝና ክትትል ክፍሎች የሚመጡ እናቶች ባሎች፣ ሚስቶቻቸው በ12 ወራት ውስጥ ያረገዙላቸው፣ በፈቃዳቸው ቢሳተፉ የራሳችንን ወሰን መጀመር እንችላለን። ለማጣቀሻ ወሰን ዝቅተኛ ተብሎ የሚጠቀሰው ቁጥር 120 ሰው ነው። አንድ ተማሪ ብቻውን ባይወጣው ሦስት ተማሪዎች በአንድ መመሪያ በሦስት ተቋማት ሊሞሉት ይችላሉ።

ሁለተኛው የምርመራ ትክክለኛነት ጥናት ነው። አዙስፐርሚያ ባላቸው ወንዶች ላይ የፍሩክቶስና የአልፋ ግሉኮሲዴዝ ውጤት በቀዶ ሕክምና ከተገኘው እውነት ጋር ምን ያህል ይስማማል? እዚህ ላይ ቴክስ101ን የመሰለ አዲስ ፕሮቲን ጎን ለጎን ቢለካ አዲሱ ከአሮጌው ምን ያህል እንደሚበልጥ፣ ለዋጋውም እንደሚገባ ይታወቃል። አዲስ አመላካች ቦታው እንዲህ ካለው ንጽጽር ውስጥ ነው።

ሦስተኛው የናሙና አያያዝ ጥናት ነው። ያው ሰው በጾም ማብቂያና ከ3 ቀን መታቀብ በኋላ ቢለካ ልዩነቱ ምን ያህል ነው? በሰውነት ሙቀት ተጠግቶ የመጣና በእጅ ተንጠልጥሎ የመጣ ናሙና እንዴት ይለያያሉ? እነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ አይፈልጉም፤ መልሳቸው ግን ከእኛ በቀር በማንም ሊሰጥ አይችልም።

ከተመራማሪው ውጪ ያሉትም ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 መሠረታዊ የዘር ፈሳሽ ምርመራን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 23162፣ ወጥቷል። የላቦራቶሪ ጥራት ቁጥጥርና የዕውቅና ሥራ የሚሠሩ የአገራችን ተቋማት ይህን ምርመራ ከደምና ከአክታ ምርመራዎች እኩል ሊያዩት ይገባል። የማዘዣ ቅጹም የመታቀቡን ቀን፣ ናሙናው የተሰጠበትንና ምርመራው የተጀመረበትን ሰዓት፣ በቅርብ ወራት የነበረ ትኩሳትን የሚጠይቁ አራት መስመሮች ቢጨመሩበት ወጪው የቀለም ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያሉ አመላካቾች ከወንድ መካንነት ጋር ያላቸው ተዛምዶ እውነት ነው፤ ምርምሩም መቀጠል አለበት። ነገር ግን አመላካች የሚከበረው በአዲስነቱ ሳይሆን በሚለውጠው ውሳኔ ነው። ሴቷ የማሕፀን ቱቦዋ በራጅ ከመታየቱ በፊት ባሏ በትክክል የተያዘ ናሙና እንዲሰጥ ማድረግ ውሳኔ ይለውጣል። አዙስፐርሚያ ለተባለ ሰው ፍሩክቶስ ማየት ውሳኔ ይለውጣል። በራሳችን አባቶች ላይ የተለካ ወሰን ብዙ ውሳኔዎችን ይለውጣል። ተመራቂ ተማሪዎች ርእስ ስንመርጥ አማካሪዎቻችንም ሲያጸድቁ «ይህ ውጤት ቢታወቅ በማግሥቱ ክሊኒኩ ውስጥ ምን ይለወጣል?» የሚለውን ጥያቄ የጥናት ንድፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንድናሰፍር እጠይቃለሁ።